የኮድ ዝርዝር ቦታው ሠንጠረዥ ነው

በየመሥሪያ ቤቱ «ኤክሴል ጎበዝ» የሚባለው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚደነቀው በፎርሙላው ርዝመት ነው። ኮዱ 1 ከሆነ ትግራይ፣ ካልሆነና 2 ከሆነ አፋር፣ ካልሆነና 3 ከሆነ አማራ፣ ካልሆነና 4 ከሆነ ኦሮሚያ እያለ የሚወርደው፣ መጨረሻው ላይ ዐሥር ቅንፍ የሚደረደርበት የኢፍ ፎርሙላ የችሎታ ማሳያ ተደርጎ ይቆጠራል። አዲስ ተቀጣሪ ከነባሩ ይቀዳዋል። ነባሩ ሲለቅ ፋይሉ ይቀራል፤ ፎርሙላውም ከፋይሉ ጋር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ቅር ያለው ሰው ጥያቄ ቢያነሣ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ይሠራል እኮ! ምን አጠፋ?»

ብዙ አጥፍቷል። ኮድን ወደ ስም ለመቀየር ኢፍን በኢፍ ላይ መደራረብ ስህተትን ይደብቃል፣ ለውጥን ያከብዳል፣ የመሥሪያ ቤቱን መረጃ ፎርሙላውን መፍታት በሚችል አንድ ሰው እጅ ላይ ይጥላል። የኮድና የስም ዝርዝር ስሌት አይደለም፤ መረጃ ነው። መረጃ ደግሞ ሁሉም ሊያየው፣ ሊያርመውና ሊፈርምበት በሚችል ሠንጠረዥ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

የተደራረበውን ኢፍ የሚደግፉ ሰዎች ግን ያለ ምክንያት አይናገሩም። ክርክራቸው በሙሉ ክብደቱ ሲቀርብ ይህን ይመስላል። ኢፍ ኤክሴል የነካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፎርሙላ ነው፤ ለማስረዳት ሥልጠና አይጠይቅም። ፎርሙላው ራሱን የቻለ ነው፤ ሌላ ሺት አይፈልግም፣ ስለዚህ ሠንጠረዡ ተሰረዘ፣ ተንቀሳቀሰ፣ በኢሜይል ሲላክ ቀረ የሚባል ጣጣ የለውም። ዝርዝሩ አጭር ነው፤ የክልል ስም በየወሩ አይለወጥም። አማራጭ ተብሎ የሚቀርበው፣ ከሠንጠረዥ ፈልጎ የሚያመጣው ቪሉክአፕ ራሱ ስንቱን ሰው የተሳሳተ ሪፖርት አስፈርሟል። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ራሱ መደራረብን ፈቅዷል፤ ቅንፍ ለሰለቸው ደግሞ ኢፍስና ስዊች የሚባሉትን አዳዲስ ፎርሙላዎች አምጥቷል። ታዲያ ምን ጎደለ?

ከመጀመሪያው እንነሣ። ኢፍን ማወቅና ዐሥር ጊዜ የተደራረበ ኢፍን ማንበብ በፍጹም አንድ አይደሉም። አንድ ኢፍ አንድ ጥያቄ ነው። ዐሥረኛው ኢፍ ግን የሚነበበው ከእሱ በፊት ያሉት ዘጠኙ «አይደለም» ብለው ካለፉ በኋላ ነው። አንባቢው ዘጠኙን በአእምሮው ይዞ፣ የትኛው ቅንፍ የትኛውን እንደሚዘጋ እየቆጠረ መውረድ አለበት። አንድ ኮማ ወይም አንድ የጥቅስ ምልክት ቦታዋን ብትስት ማን ያያታል? ጸሐፊው ራሱ እንኳ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲመለስበት እንደ እንግዳ ነው የሚያነበው።

አሁን ያው ዝርዝር በሁለት ኮለም ይቀመጥ፤ በአንዱ ኮዱ፣ ከጎኑ ስሙ። ይህን ለማንበብ ኤክሴል ማወቅ አያስፈልግም። የመምሪያው ኃላፊ ወረቀት ላይ አትሞ በእስክሪብቶ እየነካ ሊያረጋግጠው ይችላል። ክልሎቹን በቃሉ የሚያውቅ፣ ኮምፒውተር ግን ነክቶ የማያውቅ ሰው ስህተቱን ከማንም በፊት ያገኘዋል። «ሁሉም ሰው ይረዳዋል» የሚለው መከራከሪያ በእውነት የሚሠራው ለሠንጠረዡ ነው።

ማይክሮሶፍት ፈቅዷል የሚለውስ? እስከ ኤክሴል 2003 ድረስ ፎርሙላ በፎርሙላ ውስጥ ከሰባት ደረጃ በላይ መደራረብ አይቻልም ነበር። ከኤክሴል 2007 ጀምሮ ጣሪያው ወደ 64 ከፍ አለ። ይሁን እንጂ ኩባንያው በራሱ የአጠቃቀም መመሪያ 64 ኢፍ መደራረብ ቢቻልም ፈጽሞ እንደማይመከር ጽፏል፤ ምክንያቱንም ይዘረዝራል፦ በትክክል ለመጻፍ ብዙ ማሰብ ይጠይቃል፣ ቆይቶ ለማስተካከል ደግሞ እጅግ ያስቸግራል። ፈቃዱን የሚጠቅሱ ሰዎች ማስጠንቀቂያውንም አብረው መጥቀስ አለባቸው።

ከንባብ ችግር የባሰው ግን ዝምታው ነው። በኢትዮጵያ የስታቲስቲክስ መረጃዎች ላይ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው የክልል ኮድ ከ1 እስከ 7 ሄዶ ወደ 12 ይዘላል፤ ከዚያ 13፣ 14 እና 15 ይላል። በድምሩ ዐሥራ አንድ ስም ነው። የተለመደው ጸሐፊ ዐሥር ኢፍ ይጽፍና ዐሥራ አንደኛውን፣ ድሬዳዋን፣ በመጨረሻው «ካልሆነ» ላይ ያስቀምጠዋል። የቀረው አንድ ብቻ ነውና አንድ ኢፍ ተረፈ ብሎ ይደሰታል።

ይህ ፎርሙላ ምን እንደሚል ልብ ይባል። «15 ከሆነ ድሬዳዋ» አይልም፤ «ከእነዚያ ዐሥሩ ያልሆነ ነገር ሁሉ ድሬዳዋ» ነው የሚለው። መረጃ አስገቢው 12 ሊጽፍ 21 ቢጽፍ የጋምቤላው ሰው ድሬዳዋ ይገባል። ኮዱ ሳይሞላ ባዶ የቀረው ረድፍም ድሬዳዋ ይገባል። ከሌላ ሲስተም የመጣ ፋይል 3ን እንደ ቁጥር ሳይሆን «03» ተብሎ እንደተጻፈ ጽሑፍ ይዞ ቢመጣ የአማራ ክልል ረድፎች በሙሉ ድሬዳዋ ይሆናሉ። ኤክሴል አንድም ቀይ ምልክት አያሳይም። እያንዳንዱ ሴል ንጹሕ፣ በትክክል የተጻፈ፣ እውነት የሚመስል ስም ይዟል። ሪፖርቱ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ በጀት ይደለደልበታል።

ሠንጠረዥ ላይ የሚፈልግ ፎርሙላ፣ ትክክለኛውን ብቻ እንዲያመጣ ከታዘዘ፣ ለ21ም፣ ለባዶውም፣ ለ«03»ም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ኤን ኤ የሚለውን የስህተት ምልክት። ብዙዎች ይህን ምልክት ይጠሉታል። «ፋይሌን አበላሸብኝ» ይላሉ። ያበላሸው ነገር የለም፤ ተበላሽቶ የቆየውን ነው ያሳየው። በዝርዝሩ የሌለ ኮድ መጣ ብሎ የሚጮህ ፎርሙላና የሌለውን ኮድ ስም ሰጥቶ የሚያሳልፍ ፎርሙላ እኩል ሊታዩ ይችላሉ? ጠንቃቃ ሰው በመጨረሻ «ያልታወቀ ኮድ» የሚል ቃል ሊጨምር ይችላል ይባል ይሆናል። ይችላል። ነገር ግን በኢፍ ደኅንነቱ የሚጠበቀው ጸሐፊው ካስታወሰ ብቻ ነው፤ በሠንጠረዡ ግን ትክክለኛውን ብቻ አምጣ እስከተባለ ድረስ ጸሐፊው ስለ ያልታወቀ ኮድ ባያስብም ምልክቱ ይወጣል።

«ዝርዝሩ አይለወጥም» የሚለው ደግሞ በኢትዮጵያ ምድር ሊነገር የማይገባው ክርክር ነው። ከ7 ወደ 12 የሚዘለው ኮድ ራሱ የለውጥ ምስክር ነው። በ1984 ዓ.ም. በሽግግሩ ዘመን 14 ክልሎች ተቋቋሙ፤ በኋላ ከ7 እስከ 11 ያሉት ተዋህደው በኮድ 7 አንድ የደቡብ ክልል ሆኑ፤ ከ8 እስከ 11 ያሉት ቁጥሮችም ባዶ ቀሩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ዘጠኝ ክልሎችን ዘረዘረ። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ዐሥረኛ ክልል ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተከተለ። በ2015 ዓ.ም. የቀረው ደቡብ ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆነ። ዛሬ ክልሎቹ 12 ናቸው፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ በከተማ አስተዳደርነት ይጨመራሉ። «7 ከሆነ ደቡብ» ብሎ የጻፈ ሁሉ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ፎርሙላውን መክፈት ነበረበት።

መክፈቱም አይበቃውም። አንዱ ኮድ ለአራት ክልሎች ተከፍሏልና ከክልል ኮድ ብቻ ተነሥቶ መልስ ማግኘት አይቻልም፤ ወደ ዞን መውረድ ግድ ነው። ሀዲያ ወደ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ወላይታ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ካፋ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሄዷል። ይህን በተደራረበ ኢፍ የሚጽፍ ሰው ስንት ቅንፍ ሊዘጋ ነው? በሠንጠረዥ የሚሠራው ግን የዞን ኮድ፣ የዞን ስም፣ ክልል የሚሉ ሦስት ኮለሞች ይኖሩታል፤ በሦስተኛው ኮለም የተወሰኑ ሴሎችን ይቀይርና ሥራው ያልቃል። የድሮ ሪፖርት የድሮውን ስም እንዲይዝ ከተፈለገ «ከመቼ ጀምሮ» የሚል አራተኛ ኮለም ይጨመራል። ታሪኩ አይጠፋም፤ ተጽፎ ይቀመጣል።

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የአገሮች ኮድ መስፈርት እንኳ አርፎ አያውቅም። ስዋዚላንድ በ2018 እስዋቲኒ ተባለች፣ መቄዶንያ በ2019 ሰሜን መቄዶንያ ሆነች፣ ቱርክ በ2022 ቱርኪዬ በሚል ስም እንድትጠራ ጠየቀች፤ የሦስቱም ባለ ሁለት ፊደል ኮድ ግን ባለበት ቀረ። የኢትዮጵያ ነገር ተቃራኒው ነው፦ ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ስትሆን ስሟ ያልተለወጠው ኢትዮጵያ በቁጥር የሚጻፈው ኮዷ ከ230 ወደ 231 ተቀየረ። አንድ ጊዜ ስም ሳይሆን ኮድ፣ ሌላ ጊዜ ኮድ ሳይሆን ስም ይለወጣል። ሁለቱ ተለያይተው በየኮለማቸው መቀመጥ ያለባቸው ለዚህ ነው።

«ፎርሙላው ራሱን የቻለ ነው» የሚለው ክርክር ጥንካሬ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ዋናው ድክመት ነው። አምስት ሺህ ረድፍ ባለው ፋይል ላይ ፎርሙላው እስከ ታች ሲወርድ ዝርዝሩ አምስት ሺህ ቦታ ተባዛ ማለት ነው። ስም ሲለወጥ አምስት ሺውንም መቀየር ያስፈልጋል። አንዱ ሠራተኛ ፊልተር አድርጎ የታዩትን ረድፎች ብቻ ያስተካክላል። ሌላው አዲስ ረድፍ ሲጨምር ከድሮ ፋይል ኮፒ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ በአንድ ኮለም ውስጥ ሁለት ዓይነት ፎርሙላ አብሮ ይኖራል፤ ሴሉ የሚያሳየው ውጤቱን እንጂ ፎርሙላውን ስላልሆነ በዓይን አይለይም።

አጻጻፉስ? አንዱ ፋይል ላይ «ሐረሪ»፣ ሌላው ላይ «ሀረሪ» ተብሎ ይጻፋል። አንዱ «ቤንሻንጉል ጉሙዝ» ይላል፣ ሌላው «ቤኒሻንጉል ጉምዝ»። አማርኛ አንባቢ አንድ መሆናቸውን ያውቃል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሐመሩ ሐና ሃሌታው ሀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሁለቱ ፋይሎች ተዋህደው በፒቮት ቴብል ማጠቃለያ ሲሠራ አንዱ ክልል ሁለት ቦታ ይወጣል፤ የእያንዳንዱም ድምር ጎዶሎ ይሆናል። ስሙ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ቢጻፍ ኖሮ ይህ ችግር ከየት ይመጣ ነበር? ሪፖርቱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ እንዲወጣ ቢታዘዝስ? የሠንጠረዡ ባለቤት ሁለት ኮለም ይጨምራል። የኢፉ ባለቤት ግን ዐሥሩን ቅንፍ ሦስት ጊዜ ይጽፋል።

የሠንጠረዡ ሺት በስህተት ይሰረዛል የሚለው ስጋት እውነት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ ሺቱንም የፋይሉን መዋቅርም መቆለፍ። የሚላከው ፋይል ውስጥ ሠንጠረዡ አብሮ እንዲሄድ ማድረግም እዚያው ፋይል ላይ አንድ ሺት መጨመር ብቻ ነው። ለሺት መሰረዝ ቁልፍ አለ፤ በአምስት ሺህ ሴል ውስጥ ለተበተነ ስህተት ግን ቁልፍ የለም።

በቪሉክአፕ ላይ የሚቀርበው ክስ ደግሞ በግማሹ ተገቢ ነው፤ መካድም አያስፈልግም። ቪሉክአፕ በመጨረሻ ላይ ፎልስ ካልተባለ ተቀራራቢውን አምጣ እንደተባለ ይቆጥራል፤ በቅደም ተከተል ባልተደረደረ ዝርዝር ላይ ያለምንም ምልክት የተሳሳተ ስም ሊያመጣ ይችላል። ኮለሙን በቁጥር ስለሚያውቀው መሐል ላይ አዲስ ኮለም ሲገባ ይስታል። የሚፈልገውን ኮድ ሁልጊዜ ከግራው ኮለም ላይ ብቻ ይፈልጋል። ብዙ ሰው የተሰናከለው በእነዚህ ነው።

ነገር ግን ይህ የአንድ ፎርሙላ ጉድለት እንጂ የሠንጠረዡ ጉድለት አይደለም። ፎልስ የሚለውን መጻፍ የመጀመሪያውን ችግር ይዘጋል። ኢንዴክስና ማች የሚባሉትን ፎርሙላዎች አጣምሮ መጠቀም የቀሩትን ሁለቱን ይፈታል፤ ይህም በድሮው ኦፊስ ለሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ክፍት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 ያስተዋወቀው፣ በኤክሴል 2021 ውስጥም የገባው ኤክስሉክአፕ ደግሞ ካልታዘዘ በቀር ትክክለኛውን ብቻ ያመጣል፣ ግራም ቀኝም ይፈልጋል፣ ኮዱ ካልተገኘ ምን ተብሎ እንደሚጻፍም ቦታ አለው። ከሠንጠረዥ ፈልጎ ማምጣት አዲስ ፋሽን እንዳይመስል፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ የቀረበው ቪዚካልክ እንኳ የመፈለጊያ ፎርሙላ ነበረው። መሣሪያው ዐርባ ዓመት አልፎታል፤ አለማወቅ ሰበብ መሆኑ ሊያበቃ ይገባል።

ኢፍስና ስዊችስ ችግሩን አልፈቱም? ቅንፉን ቀንሰዋል። ኢፍስ 127 ቅድመ ሁኔታ፣ ስዊች 126 የኮድና የስም ጥንድ ይቀበላሉ፤ ለዓይንም ይቀላሉ። ዝርዝሩ ግን አሁንም ያለው ፎርሙላው ውስጥ ነው፤ አሁንም አምስት ሺህ ቦታ ይባዛል፤ አሁንም ኃላፊው አትሞ ሊያርመው አይችልም። ቤቱ ተቀባ እንጂ መሠረቱ አልተነካም።

የመጨረሻው መከላከያ «ሠንጠረዥ ለኮድ ይሆናል፤ ከዚህ እስከዚህ ለሚል ነገር ግን ኢፍ የግድ ነው» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነው የፔይሮል ሒሳብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት እስከ 600 ብር ደመወዝ ከግብር ነፃ ነበር፤ ከዚያ በላይ ከ10 እስከ 35 በመቶ የሚደርሱ ስድስት እርከኖች ነበሩ። በየፋይናንስ ክፍሉ እነዚህ እርከኖች ከተቀናሾቻቸው ከ60፣ ከ142.50፣ ከ302.50 እና ከቀሩት ጋር በተደራረበ ኢፍ ውስጥ ተቀብረው ኖሩ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ነፃውን ጣሪያ ወደ 2,000 ብር አሳደገ፣ የ10 በመቶውን እርከን አስቀረ፣ የሁሉንም ድንበር አንቀሳቀሰ። ፎርሙላው ከሥር ተነቅሎ እንደገና መጻፍ ነበረበት።

በሠንጠረዥ ቢሆን የተጻፈው የእርከኑ መነሻ፣ የግብሩ መጣኔና ተቀናሹ ነው፦ ከ0 በላይ 0 በመቶና 0፣ ከ2,000 በላይ 15 በመቶና 300፣ ከ4,000 በላይ 20 በመቶና 500፣ ከ7,000 በላይ 25 በመቶና 850፣ ከ10,000 በላይ 30 በመቶና 1,350፣ ከ14,000 በላይ 35 በመቶና 2,050። ቪሉክአፕ ተቀራራቢውን የማምጣት ባሕርዩ ለኮድ አደገኛ የሆነውን ያህል እዚህ ትክክለኛው መሣሪያ ነው፤ የሚጠይቀው መነሻዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ እንዲደረደሩ ብቻ ነው። የስህተቱ ዋጋም ይታሰብ። የ12,000 ብር ደመወዝተኛ በድሮው ስሌት 2,700 ብር፣ በአዲሱ 2,250 ብር ይቆረጥበታል። ሳይታረም የቀረ አንድ ረድፍ ያንን ሰው በየወሩ 450 ብር ይበላበታል። ይህ የፎርሙላ ውበት ክርክር ነው ወይስ የሰው ጉሮሮ ጉዳይ?

ኢፍ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። አለፈ ወይም ወደቀ፣ ከፈለ ወይም አልከፈለ ለሚል ሁለት አማራጭ ኢፍ በቂና ግልጽ ነው። ተቀጣሪው የሙከራ ጊዜውን ጨርሷል ወይ፣ ጨርሶ ከሆነስ አበል ይገባዋል ወይ የሚል እውነተኛ ውሳኔም የኢፍ ሥራ ነው። 12 ጋምቤላ መሆኑ ግን ውሳኔ አይደለም። ማንም አስቦ የሚደርስበት ነገር አይደለም፤ ከዝርዝር የሚነበብ ነገር ነው። ከዝርዝር ለሚነበብ ነገር ኮምፒውተሩን «ይህ ነው? ያ ነው?» እያሰኙ ዐሥር ጊዜ ማስጠየቅ መሣሪያውን ከሥራው ውጭ ማሰለፍ ነው።

ሠንጠረዡ የሚሰጠው ሌላም ጥቅም አለ። ያው ዝርዝር ለመረጃ አስገቢው የሚመርጥበት ተቆልቋይ ዝርዝር ይሆናል፤ 21 የሚባል ኮድ መጀመሪያውኑ አይገባም። ርዕሱ ላይ የማን ኮድ እንደሆነ ይጻፍበታል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። «ኤ ኤም» የሚሉት ሁለት ፊደላት በአገሮች ኮድ አርመንያ ናቸው፤ በኢትዮጵያ ክልሎች ዓለም አቀፍ ኮድ ግን አማራ። ሦስተኛ ፊደል ተጨምሮ «ኤ ኤም ኤች» ሲባል በአየር ማረፊያዎች ኮድ አርባ ምንጭ ነው፤ በቋንቋዎች ኮድ ደግሞ አማርኛ። ፎርሙላ ውስጥ የተቀበረ ኮድ ከየትኛው መዝገብ እንደመጣ አይናገርም፤ በሠንጠረዥ ግን የምንጩ ስም ከላይ ይጻፋል።

ስለዚህ የተደራረበ ኢፍ ያለበት ፋይል በእጁ ያለ የሒሳብ ባለሙያ፣ የሰው ኃይል ሠራተኛ፣ የመረጃ ባለሙያ ሁሉ አንድ ነገር ያድርግ። አዲስ ሺት ይክፈት፤ ኮዱንና ስሙን በሁለት ኮለም ይጻፍ፤ ከድሮው ፎርሙላ ጎን ከሠንጠረዡ የሚያመጣውን አዲሱን ያስገባ፤ የሁለቱን ውጤት ረድፍ በረድፍ ያወዳድር። ልዩነት ያሳየው እያንዳንዱ ረድፍ እስከ ዛሬ በትክክል እንደተሠራ ተቆጥሮ ሪፖርት ውስጥ የገባ ስህተት ሊሆን ስለሚችል ለኃላፊው ይቅረብ። ውጤቱ ተጣርቶ ሲያበቃ የድሮው ፎርሙላ ይሰረዝ። አዲስ ተቀጣሪም ከዚህ በኋላ የሚረከበው የተፈረመበትን ሠንጠረዥ ይሁን።